መረጃ ሰጪ ሀ

ከፎቶ ኮፒ ማሽን ገና የወጣ ወረቀት ይሞቃል። ሽታውም የተለየ ነው፤ ከካውያ ሥር እንደተነሣ ጨርቅ ትንሽ የመረረ ነገር አለበት። ባለፈው ሐሙስ ቡራዩ፣ ታክሲ ተራው አጠገብ ካለች ጠባብ ሱቅ ቆሜ የባለቤቴን የሞት የምስክር ወረቀትና የጋብቻችንን ማስረጃ አምስት አምስት ኮፒ ሳስነሣ ያ ሽታ መጣብኝ። ፍርድ ቤት አምጪ ተብዬ ነው፤ ሚስቱ መሆኔን ማስረዳት አለብኝ። ልጅቷ አንዱን ወረቀት ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ አየችና፣ "እትዬ፣ ስሙ ላይ ደብዝዟል፤ ልድገመው?" አለችኝ። "ድገሚው" አልኳት። የደበዘዘውን ጠረጴዛው ሥር ወዳለ ካርቶን ጣል አደረገችው። "እሱን ምን ታደርጉታላችሁ?" ስላት፣ "ቆሎ ሻጮች ይወስዱታል፣ ለመጠቅለያ" አለችኝ። ጎንበስ ብዬ ከካርቶኑ አወጣሁት። "ኧረ እትዬ፣ ለተበላሸው አናስከፍልም እኮ!" ብላ ሳቀች። አራት ቦታ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ልጅቷ ምን ታውቃለች? እኔ የማስበው ነገር በሆነበት ጊዜ እሷ ምናልባት ገና ፊደል ትቆጥር ነበር።

ባለቤቴ ቶላ ካረፈ ወር ሊሆነው ነው። ዕድሜውን በሙሉ ማለት ይቻላል፣ እዚሁ ቡራዩ፣ ከገበያው በታች ባለው ወፍጮ ቤት ነው የሠራው። ለምሳ ሲመጣ ቅንድቡና የጆሮው ጠርዝ ነጭ ሆኖ ስለሚመጣ ወጣት ሳለም ሽማግሌ ይመስል ነበር። እኔ የሰበታ ልጅ ነኝ፤ እሱ የሱሉልታ። ቤታችን ውስጥ አማርኛና ኦሮምኛ እንደ አንድ ቋንቋ ነበሩ፤ ሲቆጣ በኦሮምኛ ይጀምርና ንዴቱ ሲበርድ በአማርኛ ይጨርሳል። ሐኪሙ ሳንባውን የጎዳው የዱቄት ብናኝ ነው አለ። ይሁን። ሐኪም የሚያየውን ነው የሚናገረው። እኔ ግን ከዱቄቱ በፊት የማነሣው ሌላ ነገር አለኝ፤ እሱም ከዲግሪዬ ጋር የተያያዘ ነው።

ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በአርባ አራት ዓመቴ ነው። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር ነበር፤ እንደኔ ላለ ባለዲፕሎማ በክረምት የሚሰጥ የዲግሪ ትምህርት ነበረና ተመዘገብኩ። የመረጥኩት ሥነ ጽሑፍና ፎክሎር ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ሳቁብኝ። "ተረት ለመማር ዩኒቨርሲቲ ድረስ? እኛ እንነግርሽ የለ!" አሉኝ። ቶላ ብቻ ነው ያልሳቀው፤ ወይም ሲስቅም ለእኔ አግዞ ነው። "ተዉአት። እኔ ጤፍ እፈጫለሁ፣ እሷ ወሬ ትሰልቃለች፤ ቤታችን አይራብም" ይላቸው ነበር። ከቡራዩ አስኮ፣ ከአስኮ ፒያሳ፣ ሁለት ታክሲ ነው። ለመጀመሪያው ሦስት ብር እከፍል ነበር፤ ፓስቲ አንድ ብር ከሃምሳ ነበር፤ በሻይ ሁለት ከበላሁ እስከ ማታ ያቆየኛል። እጅጌው ላይ የሳሳ ቡናማ ካፖርት ነበረኝ፣ አንድ ሽቦው የተሰበረ ዣንጥላም። በዚያ ክረምት ታክሲዎቹ ሁሉ አንድ የኦሮምኛ ዘፈን ነበር የሚያስጮኹት፤ ግማሹ ተሳፋሪ ቃሉን ሳያውቅ ያንጎራጉረው ነበር። ዛሬ በየታክሲው ስገባ ሁሉም ጆሮው ላይ የየራሱን ሰክቶ ዝም ብሏል። ያኔ ያ ዘፈን የሁላችንም ነበር።

ዝናቡ የመማሪያ ክፍሉን ቆርቆሮ ሲደበድብ መምህሩ ንግግሩን አቋርጦ ይቆማል፤ እኛም፣ ሁላችንም ፀጉራችን የሸበተ የክረምት ተማሪዎች፣ እስክሪብቷችንን አስቀምጠን እንጠብቃለን። ያን ዝምታ እወደው ነበር። ያደግኩበት ነገር ሁሉ ስም እንዳለው፣ ጎረቤቶቻችን ለቅሶ ላይ የሚደረድሩት ግጥም ስንኝ በስንኝ ተቆጥሮ ቤቱ የተመታ መሆኑን የተረዳሁት እዚያ ነው። ሃያ ዓመት ያስተማርኩትን ግጥም ያን ጊዜ ገና የሰማሁት መሰለኝ።

ለመመረቂያ ጽሑፌ የሱሉልታን አካባቢ ሙሾ መረጥኩ። ግማሹ በኦሮምኛ፣ ግማሹ በአማርኛ የሚደረደር ነው። አስተርጓሚዬ ቶላ ነበር፤ ወደ አዴ ብርቄም የወሰደኝ እሱ ነው። አዴ የሚባለው ለትልቅ ሴት ክብር ነው። በዚያ አገር አዴ ብርቄ ያላለቀሱለት ሰው ሳይሸኝ ሄደ ይባላል። ስንደርስ ወንድማቸው ደጀኔ ድርቆሽ ይከምራል፣ እሳቸው ከታች ያቀብሉታል። ቀጭን፣ ረጅም ሴት ናቸው፤ የወንድ ጫማ ተጫምተዋል።

"አካም ቡልተኒ፣ አዴ?" አላቸው ቶላ፤ እንዴት አደሩ ማለቱ ነው።

"ደህና። ዛሬ ዱቄቱን አራግፈህ መጣህ? ሰው መሰልክ እኮ!"

"ሚስቴን ይዤ መጣሁ። ተማሪ ናት።"

"በዚህ ዕድሜዋ?" ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። "ምንድን ነው የምትማሪው?"

"ለቅሶ" አልኳቸው። ሌላ ማብራሪያ አልመጣልኝም።

ደጀኔ ክምሩ ላይ ሆኖ በሳቅ ፈረሰ። "የለቅሶ ትምህርት ቤት ከተከፈተማ አዴን ዳይሬክተር ያድርጓት!"

"ዝም በል አንተ! ስትሞት አላለቅስልህም" አሉት፤ እሱ የበለጠ ሳቀ።

ደብተሬን ከፍቼ፣ ለቅሶ ላይ መጀመሪያ ምን ይደረጋል ብዬ ጠየቅኳቸው። "ስም ይጠራል" አሉኝ፣ ይህንንም የማያውቅ ሰው አለ ወይ በሚል አስተያየት። "ስሙ ያልተጠራ ሟች ከቤቱ አይወጣም። በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል።" ጻፍኩት። አማካሪዬ ደግሞ በበኩሉ፣ "ስም የሌለው ማስረጃ ወሬ ነው" ይለን ነበር። የጥናቱ ሕግ ነው፤ ግጥሙን የሰጠን ሰው ስም፣ ዕድሜና መንደር ከጽሑፉ መጨረሻ፣ ከግጥሙ ሥር በሠንጠረዥ ይቀመጣል። ይህን ለአዴ ብርቄ ስነግራቸው እጃቸው ላይ ያለውን ድርቆሽ አስቀመጡ። "ስሜ መጽሐፍ ላይ? በደንብ ጻፊው። የአባቴን ጨምሪበት፤ ብርቄ ቱፋ በዪ። እኔ የስንቱን ስም ጠራሁ፤ የኔን ማን ይጠራዋል?" ቃል ገባሁላቸው።

ከዚያ ያ ጊዜ መጣ። ማስተር ፕላን የሚባለውን ቃል የማያውቅ ሰው አልቀረም፤ ከተማው ሰፍቶ እርሻውን ሊውጥ ነው ተባለ፤ ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም። ተማሪው ወጣ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ጎማ ተቃጠለ፣ ተኩስ ተሰማ። ቀናቱ ተምታተውብኛል። የማስታውሰው የትምህርት ቤታችን ደወል ሳይደወል የከረመበትን ሳምንት ነው፤ ባዶውን ታክሲ ተራ፣ መስኮታቸውን በካርቶን የሸፈኑ ሱቆች፣ ከሁሉም በላይ የወፍጮውን ዝም ማለት። ለካ ያ ድምፅ ሲኖር አልሰማውም ነበር። ደጀኔ ሰልፍ አልወጣም። ወተት አድርሶ ባዶ ጀሪካኖቹን አህያ ላይ ጭኖ ሲመለስ አስፋልቱ ዳር ጥይት አገኘው። ማን እንደተኮሰ የነገረን የለም፤ ደፍሮ የጠየቀም የለም።

ቀብሩ ላይ ሰዉ ጮክ ብሎ ለማልቀስ ፈርቶ ነበር። አዴ ብርቄ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው አስረው ወጡ። የወንድማቸውን ስም ሦስት ጊዜ ጠሩ። ከዚያ ይህን አሉ፦

መሬቱን ለካችሁ በገመድ በካስማ፤
የወንድሜን ቁመት ማን ለካው በሸማ?

ሰዉ ሁሉ አብሮ ፈነዳ። ስልኬ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ እየቀዳ ነበር። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ እያለቀስኩ ሳለ ደስ ብሎኛል። ከዚያ የሚበልጥ ስንኝ እንደማላገኝ ገባኝ፤ ምዕራፉ በልቤ ተጻፈ። በሠልስቱ ሄጄ፣ "አዴ፣ ሳላስፈቅድዎ ቀድቼዋለሁ፤ ላጥፋው?" አልኳቸው። "አታጥፊ። ጻፊው። የሱም የኔም ስም አብሮ ይቀመጥ" አሉኝ።

ረቂቁን እዚሁ ቡራዩ ኮምፒውተር ቤት አስጻፍኩ። ስሕተት በተገኘ ቁጥር ገጹ እንደገና ይታተማል፣ የተበላሸው ይከመራል። ሲያልቅ ጸሐፊው፣ "ቲቸር፣ ይኼን ልጣለው ወይስ ትወስጂዋለሽ?" አለኝ። አስተማሪ ወረቀት መጣል አይሆንለትም። የተማሪዎቼን አሮጌ የፈተና ወረቀት በየዓመቱ መጨረሻ ሰፈራችን ውስጥ ቆሎ ለምትሸጠው ሴት እሰጣታለሁ፤ ልማዴ ነው። ያን ቀንም ክምሩን እንዳለ አቅፌ ሄጄ ሰጠኋት። መረቀችኝ። እኔም ደግ ነገር እንደሠራ ሰው ልቤ ቀሎኝ ቤቴ ገባሁ።

አንድ ቅዳሜ፣ ቶላ ለምሳ መጥቶ በር ላይ እጁን እየታጠበ ሳለ ሁለት ሰዎች ገቡ። የሰፈራችን ሰዎች አልነበሩም። አንደኛው ከኪሱ የተጨማደደ ወረቀት አውጥቶ ዘረጋልኝ። ማጠፊያው ላይ የገብስ ገለባ ተጣብቆበታል። ከላይ ሁለቱ ስንኞች አሉ፤ ከሥር ሠንጠረዡ። "ብርቄ ቱፋ፣ ስልሳ ሁለት" ይላል። መንደሩ የተጻፈበት ጠርዝ ተቀዷል።

"ይኼን ማነው የጻፈው?"

"እኔ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ ነው።"

"ብርቄ ማናት? የት ነው የምትገኘው?"

እኔ አስተማሪ ነኝ። ጥያቄ ሲጠየቅ መልስ መስጠት ሥራዬ ነው። አፌን ከፈትኩ፤ እውነቱን ለመናገር፣ ምን ልል እንደነበር ዛሬም አላውቀውም።

"የለችም" አለ ቶላ ከበሩ ላይ።

"ምን ማለት ነው የለችም?"

"ብርቄ የምትባል ሴት የለችም። ግጥሙ የኔ ነው። ሚስቴ ለትምህርቷ ለቅሶ ቸገራት፣ ፈጠርኩላት። ስሙንም ጨምሬ።"

"አንተ ወፍጮ ቤት የምትሠራው አይደለህም እንዴ?"

"ወፍጮ ቤት ግጥም ክልክል ነው እንዴ?"

አንደኛው ሊስቅ ነበር፤ ሌላው ሲያየው ተወው። ቶላን ይዘውት ወጡ። እጁን እንኳ አላደረቀም። ዱቄቱ በውሃው ሊጥ ሆኖ ክንዱ ላይ ቀርቶ ነበር፤ ያን ሊጥ ነው በመጨረሻ ያየሁት። ወረቀቱ ከቆሎ ሻጭዋ እጅ በስንት ሰው አልፎ እነሱ ዘንድ እንደደረሰ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሴትየዋን አልጠየቅኳትም፤ ማንበብ አትችልም፣ ምንም አላደረገችም።

እሱ ታስሮ ሳለ ነው ትምህርቴን የጨረስኩት። አማካሪዬ ዘንድ ሄጄ ስሞቹን ማስገባት አልችልም አልኩት። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም፤ መነጽሩን አውልቆ፣ "በስም ፋንታ ፊደል አድርጊ። 'መረጃ ሰጪዎቹ ስማቸው እንዲጠቀስ ፈቃደኛ ስላልሆኑ' ብለሽ ግርጌ ላይ ጻፊ" አለኝ። ጻፍኩ። አዴ ብርቄ መረጃ ሰጪ ሀ ሆኑ። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ያለው አንድ ውሸት ያ የግርጌ ማስታወሻ ነው፤ ፈታኞቹ ደግሞ ለይተው ያመሰገኑኝ ለሰዎቼ ስላሳየሁት ጥንቃቄ ነበር። ምርቃቴ ላይ በጥቁሩ ጋዋን ብቻዬን ተነሣሁ። ፎቶ አንሺው፣ "ቤተሰብ ይቅረብ!" ሲል ዙሪያዬን አየሁ።

ቶላ በታሰረ በአራት ወሩ ተመለሰ። ልብሱ ሰፍቶት ነበር፤ ሲሚንቶ ላይ ተኝቶ ያመጣው ሳልም አብሮት መጣ። መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ አዴ ብርቄ ነው። ደህና ናቸው ስለው ዓይኑን ጨፈነ። "እንዳትነግሪያት። ወንድሟን ቀብራለች፤ እኔን ደግሞ አታሸክሚያት። እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ፣ እሺ?" አለኝ። "በምን ታሰርክ ሲሉህስ?" አልኩት። "እንደ ሰዉ ነዋ! ያልታሰረ ማን አለ?"

የተጠረዘውን ጽሑፍ ቃል በገባሁት መሠረት ለአዴ ብርቄ ወሰድኩላቸው። የጎረቤት ልጅ ጠርተው አስነበቡት። ስንኞቹ ሲነበቡ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። መጨረሻው ገጽ ላይ ሠንጠረዡና የግርጌው ማስታወሻ ሲነበብ ግን ቀና አሉ።

"ሀ ማናት?"

"እርስዎ ነዎት፣ አዴ።"

"እኔ ስም የለኝም? አልፈልግም ያልኩሽ መቼ ነው? ፈርተሽ ነው። በዪው።"

"ፈርቼ ነው" አልኩ። ይህም እውነት ነበር።

"የፈራ ሰው ለቅሶ ቤት አይዞርም፣ ቤቱ ይቀመጣል" አሉና መጽሐፉን መለሱልኝ። ከዚያ ወዲህ ቶላ ብቻውን ነበር የሚጠይቃቸው። በየዓመቱ ድርቆሻቸውን ከምሮላቸው ይመጣል፤ እኔ ሰላምታ እልካለሁ፣ መልስ አይመጣም።

ቶላን የቀበርነው ሱሉልታ ነው፣ በአባቶቹ ቤተ ክርስቲያን። አዴ ብርቄ በዱላ ተደግፈው መጡ። ድምፃቸው ቀጥኗል እንጂ አልተሰበረም። ነጩን ቅንድቡን አነሡ፣ ሳቁን አነሡ፣ የወፍጮውን ድንጋይ አንሥተው ሰዉን አስለቀሱት። ስሙን ግን አልጠሩም። አንድ ጊዜም። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዷ፣ "ስሙን ረሱት እንዴ?" ብላ ስታንሾካሹክ ሰማሁ። ሲጨርሱ መጥተው ጉልበቴን ያዝ አደረጉኝ። "አንቺም የጻፍሽው እንዲህ ነበር፣ ልጄ" አሉኝ፤ በቁጣ አይደለም።

የተማርኩ ሰው ነኝ። ስሙ ያልተጠራ ሟች በር ላይ ይቆማል የሚለውን ራሴው መዝግቤዋለሁ፤ በየትኛው ምዕራፍ፣ በየትኛው ንዑስ ርዕስ ሥር እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ከቀብሩ ወዲህ ከውጭ ስመጣ በሩን ከፍቼ ትንሽ ወደ ጎን እል ነበር፤ የቆመ ሰው ላለመግፋት።

ሐሙስ ዕለት ያን የደበዘዘ ወረቀት ከካርቶኑ ሳወጣ፣ ለቶላ የገባሁት ቃል እሱ በሕይወት እስካለ ድረስ ብቻ እንደነበር ትዝ አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት ከአዲሱ ገበያ የሱሉልታን ታክሲ ያዝኩ። ድርቆሽ ይከመርበት የነበረው ሜዳ አጥር በአጥር ሆኗል፤ የደጀኔና የእህቱ ግቢ በሁለት ግንብ መሃል ተጣብቆ ቀርቷል። አዴ ብርቄ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቁጭ ሳልል ነገርኳቸው፤ ስለ ተበላሸው ወረቀት፣ ስለ ቆሎዋ ሴት፣ ስለ እርጥቡ እጁ። "የለችም" ማለቱን ስነግራቸው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

"አራት ወር?"

"አራት ወር።"

"ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ቤቴ መጣ" አሉ። "ክምሩ ላይ ሆኖ እያሳለ። ጠላ ልስጥህ ስለው፣ አቧራው ነው፣ ይለኝ ነበር።"

ዱላቸውን ፈልገው ተነሡ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። ግቢው ውስጥ ከእኔና ከአንዲት ላም በቀር ማንም የለም፤ ከግንቡ ማዶ ሠራተኞች ብረት ይቆርጣሉ። "ቶላ!" አሉ። "ቶላ! ቶላ!" ብረቱ ዝም አለ።

ስሜን በአፉ ይዞ ሳይተፋው የኖረው፤
ቶላ ወንድሜ ነው፣ ለኔ የታሰረው።

ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም። አብሬያቸው ነው ያለቀስኩት፤ ከተማርኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስንኙን ሳልቆጥር።

ሲደክማቸው ተቀመጡና፣ "በይ፣ ደብተርሽን አውጪ" አሉኝ። ደብተር አልያዝኩም። ያን የደበዘዘ የሞት ወረቀት አውጥቼ ጀርባውን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት። ስም፦ ብርቄ ቱፋ። ዕድሜ፦ "ሰባ ሁለት በዪ፤ ቢያልፍ ነው እንጂ አያንስም።" መንደር፦ ሱሉልታ። ያለቀሱለት ሰው፦ እዚህ ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ።

"ምን ትጠብቂያለሽ? ጻፊው እንጂ!"

ከነአባቱ ስም ጻፍኩት። የመጨረሻውን ታክሲ ይዤ ቡራዩ ስደርስ በሩን ከፍቼ ቀጥ ብዬ ገባሁ።